ፈረንሳይኛን በስልክ ለመማር የትኛውን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ነዋሪነቴ ባሕር ዳር ሲሆን ሥራዬ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ጣና ደሴት ገዳማት ወስዶ ማስጎብኘት ነው። በእንግሊዝኛ እሠራለሁ፤ ፈረንሳይኛን ደግሞ በትርፍ ሰዓቴ ዱኦሊንጎ በተባለው የስልክ መተግበሪያ መማር ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆኖኛል። ባለፈው ሰሞን አንድ ፈረንሳዊ እንግዳ ደውለው ወደቡ ላይ የሚደርሱበትን ሰዓት በቋንቋቸው ነገሩኝ። በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ያሉኝ መስሎኝ ጀልባውን አዘጋጅቼ ብጠብቅ፣ ሰውየው የመጡት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ባለጀልባው ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። መተግበሪያው ላይ እምብዛም አልሳሳትም፤ ሰው ሲናገር ግን ይጠፋብኛል። ከፍዬ ለመማር አቅሜ አይፈቅድም፤ ያለኝ አንድ ስልክና በጥቅል የምገዛው ዳታ ብቻ ነው። በኢንተርኔት ላይ የሚጠቆሙት የመማሪያ ገጾች ከመብዛታቸው የተነሣ የትኛውን መያዝ እንዳለብኝ ቸግሮኛልና ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወደቡ ላይ የሆነውን መገመት አያዳግትም። በፈረንሳይኛ ሁለት ሰዓት «ደዘር»፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ደግሞ «ዱዘር» ይባላል። በእነርሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 2 የእኛ ስምንት፣ 12 ደግሞ የእኛ ስድስት ነውና፣ ጀልባዎን ለሁለት ሰዓት ያህል ያስቆመው በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችው አንዲት አናባቢ ናት። «ደ» ብለን የጻፍነውም ለመቃረብ ያህል እንጂ ድምፁ በአማርኛ የለም፤ ምላስዎን «ኤ» ለማለት አዘጋጅተው ከንፈርዎን እንደ «ኦ» ቢያሾሉ ያገኙታል። ሁለቱንም ቃላት መተግበሪያው አስተምሮዎት ይሆናል። የጎደለው የቃል እውቀት ሳይሆን የጆሮ ልምምድ በመሆኑ፣ ሌላ አምስት መተግበሪያ ቢጭኑ ያው ችግር ይከተልዎታል። እርስዎ መፈለግ ያለብዎት ድምፁ ከነጽሑፉ የተቀመጠ ነገር ነው።

ለዚህ ዋነኛው የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ ነው። በላቲን ፊደል አር፣ ኤፍ፣ አይ ብለው ቢፈልጉት ያገኙታል። «ለ ዡርናል አን ፍራንሴ ፋሲል»፣ ማለትም ዜና በቀላል ፈረንሳይኛ የሚል የ10 ደቂቃ ዝግጅት አለው፤ የሚነበበው ዜና ቃል በቃል ተጽፎ ከድምፁ ጋር በነፃ ይቀርባል። ዝግጅቱ ለመካከለኛ ተማሪ የታሰበ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብድዎታል፤ ስለዚህ ዐሥሩን ደቂቃ ሁሉ ለመጨረስ አይድከሙ። የመጀመሪያዋን አንድ ደቂቃ ብቻ ይውሰዱ። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳያዩ ያዳምጡ፤ ቀጥለው ጽሑፉን በጣትዎ እየተከተሉ ይስሙ፤ በመጨረሻም ከአንባቢው እኩል ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡ። በሁለተኛው ላይ «ይህንን ቃል እኮ አውቀዋለሁ» የሚሉበት ቦታ ይበዛል፤ ጆሮዎ የሚያመልጠው እርሱን ነው። የዳታውም ነገር አያሳስብዎ፤ በ128 ኪሎቢት ጥራት የተቀዳ የ10 ደቂቃ ድምፅ ወደ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ዋይፋይ ባለበት ካወረዱት ደግሞ ዘጌ ደርሰው እስኪመለሱ ደጋግመው ይሰሙታል።

ለመደበኛ ትምህርት ያህል ቴቬ ሳንክ ሞንድ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ያዘጋጀውን የፈረንሳይኛ መማሪያ ገጽ ይያዙ። ይህም በነፃ ነው። አጫጭር ቪዲዮዎችን ከመልመጃ ጋር ከኤ1፣ ማለትም ከጀማሪ፣ እስከ ቢ2፣ ማለትም ከመካከለኛ ከፍ እስካለው፣ በደረጃ ከፋፍሎ ያቀርባል። እርስዎ ሰባት ወር ስለተማሩ ኤ1ን ለማለፍ ይቸኩሉ ይሆናል፤ እኛ ግን ከዚያው እንዲጀምሩ እንመክራለን፤ ምክንያቱም ቃላቱ ቢቀሉዎትም የሰዎቹ አነጋገር አይቀልዎትም። ቪዲዮ ዳታ ይበላልና በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃዎታል። የአንድ ቃል አነባበብ ሲያጠራጥርዎ ደግሞ ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች ቃሉን ሲጠሩት የሚያሰማውን ፎርቮን ይክፈቱ።

ዱኦሊንጎን ይተዉት አንልም። ነገር ግን ፈረንሳይኛን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ድልድይነት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በዚህ መንገድ አማርኛዎ የሚሰጥዎትን ጥቅም ሳያውቁት ይጥሉታል። እንግሊዝኛ ታናሹንም ታላቁንም በአንድ ቃል ሲጠራ፣ ፈረንሳይኛ «ቱ» እና «ቩ» ብሎ እንደ እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ይለያል፤ እንግዳዎን «ቩ» ማለት ለእርስዎ ትምህርት ሳይሆን ልማድ ነው። ግስ በባለቤቱ መጠን መለዋወጡ፣ ስምም ወንድና ሴት መሆኑ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር ሲሆን ለእኛ የቤት ጉዳይ ነው። ተራራ የሚለውን «ሞንታኝ» ሲሉ መጨረሻው ላይ ያለችው «ኝ» የራሳችን ናት፤ «ዥ»ም እንዲሁ። ስለዚህ የመተግበሪያውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በቃልዎ ወደ አማርኛ መልሰው ከዚያ ወደ ፈረንሳይኛ ይሻገሩ፤ መጀመሪያ ላይ ቢያዘገይዎትም ውሎ አድሮ ይክስዎታል።

የፊደሉን ነገር ግን አማርኛ አይረዳዎትም፤ እኛ እንደተጻፈ እናነባለን፣ ፈረንሳይኛ ግን አያደርገውም። እዚሁ ከተማችን፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ፣ ዓሣ የሚለው «ፗሶን» ሁለት ኤስ ሊኖረው ሲገባ በአንድ ተጽፎ አይተናል። በሁለት አናባቢዎች መካከል የምትገባ አንዲት ኤስ «ዝ» ተብላ ትነበባለችና ቃሉ «ፗዞን» ይሆናል፤ ትርጉሙም መርዝ ነው። የጣና ዓሣ ጥብስ በዝርዝሩ ላይ የመርዝ ጥብስ ሆኖ ዋጋ ወጥቶለት ነበር። እንዲህ ያለውን ሥርዓትና ሰዋስው በአጭሩ ለማየት፣ በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ያስቀመጠውን «ቴክስስ ፍሬንች ግራመር» እንጠቁማለን፤ ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ሲሆን ምሳሌዎቹን በድምፅ ያሰማል። ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አያሻም፤ ሲቸገሩ ብቻ ይመልከቱት።

ከሁሉም ይልቅ የምናደላው ወደሚቀጥለው ነው። በፈረንሳይኛው ዊኪፔዲያ ላይ «ላክ ታና» ብለው ይፈልጉ። ጽሑፉ ስለሚያውቁት ሐይቅ ስለሆነ፣ ግማሹን ቃል ባያውቁትም የሚለው ይገባዎታል፤ ደሴቱን «ኢል»፣ ገዳሙን «ሞናስቴር» ብሎ ሲጠራው መዝገበ ቃላት አያስፈልግዎትም። ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል «ፓፒሩስ» ይሉታል። ከዚያም በየቀኑ በእንግሊዝኛ የሚናገሩትን ገለጻ ቆርጠው በፈረንሳይኛ ያዘጋጁ፤ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች ሁለት ደቂቃ፣ ሴቶች ወደ ክብራን ገብርኤል የማይገቡበትን ሥርዓት አንድ ደቂቃ፤ ከተቻለም በ1699 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ዐፄ ኢያሱን ስላከመው ፈረንሳዊ ሐኪም ስለ ፖንሴ ጥቂት፤ እንግዶችዎ ይህን ሲሰሙ ጥያቄ ማብዛታቸው አይቀርምና ለመልሱም ይዘጋጁ። የገለጻውን ቃላት በአንኪ ካርዶች ላይ ያስፍሩ። አንኪ በአንድሮይድ ስልክ በነፃ የሚጫን፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራና የረሱትን ቃል ቶሎ ቶሎ፣ ያስታወሱትን አልፎ አልፎ የሚጠይቅ ነው፤ በአይፎን ግን ያስከፍላል።

ዋጋ የሚናገሩ ከሆነ ቁጥሩን ለብቻው ያጥኑ። ሰባ «ስድሳ ዐሥር»፣ ሰማንያ «አራት ሃያ»፣ ዘጠና ዘጠኝ ደግሞ «አራት ሃያ ዐሥራ ዘጠኝ» ነው። ቤልጅየማውያንና ስዊሶች ግን ሰባንና ዘጠናን እንደ እኛ በየራሳቸው ስም ይጠሯቸዋል። እስኪለምዱት ድረስ ሰዓትንም ዋጋንም በወረቀት ጽፎ ለእንግዳው ማሳየት ነውር የለበትም።

ለንግግር ልምምድ እንደ ታንደምና ሄሎቶክ ያሉ፣ ሰው ከሰው የሚያገናኙ መተግበሪያዎች አሉ። እርስዎ ግን ፈረንሳዮቹ ጀልባዎ ላይ ተቀምጠው ስለሚያገኟቸው ብዙም አያስፈልጉዎትም።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ እኔም ባሕር ዳር የምኖር መምህር ነኝ። ከመተግበሪያ የማገኘው የምስክር ወረቀት ለውጭ ትምህርት ማመልከቻ ይሆነኛልን?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። የሚጠየቀው ዴልፍ የተባለው፣ በፈረንሳይ የትምህርት ሚኒስቴር ስም የሚሰጠው የፈረንሳይኛ ችሎታ ዲፕሎማ ወይም ቴሴኤፍ የተባለው ፈተና ነው። ዴልፍ ማዳመጥን፣ ማንበብን፣ መጻፍንና መናገርን ለየብቻ ከ25 ነጥብ ይመዝናል፤ ለማለፍ ከ100 ቢያንስ 50 ማግኘት ሲያስፈልግ፣ ከአራቱ በአንዱ ከ5 በታች ያገኘ ድምሩ ቢሞላም ይወድቃል። የዴልፍ ዲፕሎማ ጊዜው አያልፍበትም፤ የቴሴኤፍ ውጤት ግን የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ስለሆነ ማመልከቻዎ ከሚገባበት ጊዜ ጋር ያመሳክሩት። ስለ ፈተናው ቀንና ክፍያ አዲስ አበባ የሚገኘውን የፈረንሳይኛ ቋንቋና ባህል ማዕከል፣ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝን፣ አስቀድመው ይጠይቁ።