የዛሬ ማታ ጥያቄና መልስ፦ በኮምፒውተር ቀርጾ በብር ማፍሰስ

በገባሁት ቃል መሠረት ተቀምጫለሁ። ለማታውቁኝ፦ የደሴ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ብር ሠሪ ነበር፤ እኔም ብር ሠሪ ነኝ። አሁን አሁን ግን ከመዶሻ ይልቅ ማውስ ነው የምይዘው። ቀለበትና የአንገት ጌጥ ብሌንደር በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም እቀርጻለሁ፣ በሬዚን (በብርሃን በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ፕሪንት አደርጋለሁ፣ በጀሶ ሸፍኜ ሬዚኑን ምድጃ ውስጥ አቃጥላለሁ፣ ከዚያ በቦታው ብር አፈሳለሁ። እስከ 4 ሰዓት አለሁ፤ ጠይቁ። ሁለት ነገር ብቻ አደራ። በሚሊሜትር አውሩ። ድንጋይ ያለበት ሥራ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩ እጃችሁ ላይ ይሁን።

የጦሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ለመቅረጽ ዚብረሽ የሚባለው ፕሮግራም ይሻላል ብሌንደር?

መልስ፦ ብሌንደር። ነፃ ነው። ዚብረሽ ቅርጻ ላይ ይበልጣል፣ አልክድም። ግን ማክሰን የሚባል ኩባንያ ከገዛው ወዲህ በኪራይ ነው፤ ክፍያውም የውጭ ካርድ ይፈልጋል።

አልቦ፦ ክራኩን (ሳይከፈልበት የሚሠራውን የተሰረቀ ቅጂ) ማውረድ ነዋ!

መልስ፦ ስለ ክራክ እዚህ አናወራም። ቀጣይ።

ቦርከና፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ግን ቅርጻ ለጌጥ አይሆንም። ጌጥ ልኬት ነው። በቁጥር የሚሠራው ፕሮግራም፣ ራይኖ ነው የሚያዋጣው።

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። የድንጋይ መቀመጫ፣ የቀለበት ውስጠኛ ክብ፣ ማጠፊያ፣ እነዚህ በቁጥር ነው የሚሠሩት። በብሩሽ እየገፋህ ልክ ክብ አታወጣም። ቅጠል፣ የአንበሳ ፊት፣ ሐረግ ደግሞ በቁጥር ብትሠራው የፋብሪካ ቁልፍ ይመስላል። እኔ ክቡን በቁጥር እጀምራለሁ፣ ላዩን እቀርጻለሁ፣ መጨረሻ ላይ ውስጡን በትክክለኛ ሲሊንደር እንደገና እበሳዋለሁ። ሁለቱም ብሌንደር ውስጥ ይሠራል።

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጣም የሚያምር የኦፓል ቀለበት መሥራት እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ድንጋዩ ስንት በስንት ነው?

ጀማሪዋ፦ መካከለኛ ነው።

መልስ፦ መካከለኛ ልኬት አይደለም እህቴ። ካሊፐር (የሚሊሜትር መለኪያ) ያዢና ተመለሽ፤ እጠብቅሻለሁ።

ቦርከና፦ ፋይሌን አዲስ አበባ ለሚያትሙ ሰዎች ላክሁ፤ «ባዶ ነው» አሉኝ። እኔ ጋ ስከፍተው ግን አለ።

መልስ፦ ባዶ አይደለም፣ በዓይን የማይታይ ነው። ለማተሚያ የሚላከው ኤስቲኤል ፋይል ቁጥር እንጂ መለኪያ አይዝም። 18 የሚል ቁጥር ካገኘ የማተሚያው ሶፍትዌር 18 ሚሊሜትር ብሎ ያነበዋል። ብሌንደር ሲከፈት መለኪያው ሜትር ነው። አንተ ቀለበትህን በሜትር 0.018 አድርገህ ሠራህ፤ እነሱ ጋ 0.018 ሚሊሜትር ሆኖ ደረሰ። ከፀጉር ይቀጥናል። ፋይሉን ከብሌንደር ስታወጣው (ኤክስፖርት ስታደርገው) ስኬሉን 1000 አድርገው። ከዚህ በኋላ ደግሞ ከመጀመርህ በፊት ርዝመቱን ሚሊሜትር፣ የዩኒት ስኬሉን 0.001 አድርገህ ፋይሉን መነሻህ አድርገህ አስቀምጠው። ሚሊሜትር ስል ለቀልድ አይደለም።

ስማቸውን ያልጻፉ፦ የደንበኛ ጣት እንዴት ይለካል? ቀለበት መለኪያ የለኝም።

መልስ፦ ቀጭን ወረቀት አዙርበት፣ የሚገናኝበትን አስምር፣ ዘርጋና ለካው፣ ለ3.14 አካፍለው። 57 ሚሊሜትር ከመጣ የቀለበቱ የውስጥ ስፋት 18.15 ሚሊሜትር ነው። ከሰዓት በኋላ ለካ፤ ደሴ ጧት ጣት በብርድ ይኮማተራል። ሰፊ ቀለበት ከሆነ ትንሽ ጨምር፣ ይይዛል። ብሩም ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ከፋይሉ እስከ ተወለወለው ቀለበት ድረስ ከ1 እስከ 3 በመቶ ሊጠፋ ይችላል። ስንት እንደሆነ የእኔን አትጠይቀኝ፤ አንድ ተራ ቀለበት አፍስስና የራስህን ለካ።

የጦሳ ልጅ፦ ላፕቶፔ 8 ጊጋ ነው፤ ሪሜሽ (የቅርጹን ላይ በእኩል ትንንሽ ፊቶች እንደገና መከፋፈል) ስል ቀጥ ይላል። ልቀይረው?

መልስ፦ ላፕቶፑን ተወው። የቮክሰሉን (ቅርጹ የሚከፋፈልበትን ትንሽ ኪዩብ) መጠን ስንት ሚሊሜትር አደረግኸው?

የጦሳ ልጅ፦ 0.01።

መልስ፦ እንዴት አይቆም! ይህ ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ ላስረዳ። ቮክሰሉን በግማሽ በቀነስህ ቁጥር የላዩ ፊቶች 4 እጥፍ ይሆናሉ። 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ላዩ በሙሉ 900 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው። በ0.1 ብታደርገው 90 ሺህ ፊት ነው፣ በቀላሉ ይሸከመዋል። በ0.05፣ 360 ሺህ። አንተ በ0.01 ነው ያልከው፤ 9 ሚሊዮን ማለት ነው። ፕሪንተራችን እኮ የሚያየው አንዱ ነጥብ 0.035 ወይም 0.05 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ በታች የቀረጽከውን ማንም አያየውም፣ ሬዚኑም አያየውም፣ ብሩም አያየውም። በ0.2 ጀምር። ዋናው ቅርጽ እስኪገባህ አትውረድ። ጀማሪ ሁሉ የቅጠሉን ጅማት ይቀርጻል፣ ቅጠሉ ግን ቅጠል አይመስልም።

አልቦ፦ በስልክ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል። ኖማድ ስካልፕት የሚባል መተግበሪያ አለ።

አልቦ፦ ብሌንደርን ከየት ላውርድ?

መልስ፦ ከራሱ ከብሌንደር ድረ ገጽ።

ሐረግ፦ ይኼው የእኔ መስቀል፣ ዛሬ የወጣ። ሐረጉ ለምን ጠፋ? (ፎቶ አስገብቷል፤ አረንጓዴ የሬዚን መስቀል በባዶ መዳፍ ላይ።)

መልስ፦ መጀመሪያ ጓንትህ የታለ? በብርሃን ያልጠነከረ ሬዚን ቆዳን ደጋግሞ ከነካ አለርጂ ይሆናል፤ አንዴ ከጀመረ ከዚህ ሙያ ያስወጣሃል። ጓንት! አሁን ወደ ሐረጉ። ጥልቀቱን 0.15 አድርገኸዋል መሰለኝ። ሞረድና ውልወላ ከላይ ይበላዋል። ከ0.4 አታሳንስ። ቀዳዳዎቹንም ከ1 ሚሊሜትር በታች አታድርግ፣ ሬዚኑ ይደፍናቸዋል። የብር ግድግዳ ከ0.8 በታች ከሆነ ወይ አይሞላም ወይ ይጎብጣል። ስክሪን ላይ መስቀሉን እንደ ሰሃን አስፍተህ ስላየኸው ነው። አንዳንዴ አጥብበህ በትክክለኛ መጠኑ እየው።

ነባር እጅ፦ እኔ 30 ዓመት በመዶሻ የበላሁ ሰው ነኝ። ልጆቹ ቁልፍ እየተጫኑ ብር ሠሪ ነን ይሉናል። የሽቦ ሥራን እስቲ በኮምፒውተር ሥሩት!

ቦርከና፦ ዘመኑ ነው አባቴ።

ነባር እጅ፦ ዘመን የብርን ጠባይ አይቀይርም።

አልቦ፦ ሰምና ወርቅ ይሏል ይኼ ነው።

መልስ፦ ይቺን ቀልድ ዛሬ ለ3ኛ ጊዜ ሰማኋት። አባታችን ልክ ናቸው። የሽቦ ሥራን ቀርጻችሁ አታፍስሱ። በእጅ የተሳበ ሽቦ ጠንካራ ነው፣ ያንጸባርቃል፣ ይተጣጠፋል። ቀርጻችሁ ያፈሰሳችሁት ሽቦ ግን ዓይን ላይ የሞተ ነው፣ ሲነኩትም ይሰበራል። እኔ ክፈፉን አፈስሳለሁ፣ ሽቦውን በእጅ እሞላለሁ። ደግሞ ማፍሰስ የፈረንጅ ነገር አይደለም። አያቶቻችን መስቀሉን በንብ ሰም ቀርጸው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን አቅልጠው ነው ያፈሰሱት። እኔ ሰሙን በሬዚን ነው የተካሁት።

ነባር እጅ፦ እሱስ ይሁን። ክፈፉን ግን ላየው እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ሱቅ ይምጡ፣ ቡናም አለ።

ሐረግ፦ አያቴ 3 ማርትሬዛ ትተውልኛል። ላቅልጠው?

መልስ፦ የአንተ ጉዳይ ነው። ግን 92.5 በመቶ ንጹሕ ነው ብለህ እንዳትሸጠው። ማርትሬዛ 28 ግራም ነው፤ ከ1000 ውስጥ 833ቱ ብቻ ብር ነው። 3ቱን ወደ 92.5 ለማድረስ ከ100 ግራም በላይ ንጹሕ ብር መጨመር አለብህ። ላዩ ላይ 1780 ስለሚል የዚያን ዘመን ነው ማለት አይደለም፤ በኋላ የተመቱትም ሁሉ ያንኑ ዓመት ነው የያዙት። እኔ ብሆን አላቀልጠውም።

የጦሳ ልጅ፦ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚሸጠው ጀሶ ለማፍሰሻ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ይሰነጠቃል፣ ይጨሳል። የማፍሰሻው ጀሶ ሲሊካ አለበት፤ ሙቀቱን የሚችለው እሱ ነው። ዱቄቱ ሳንባ ይጎዳል፣ ማስክ አድርጉ። ምድጃው 730 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ አጠቃላይ ሂደቱ 10 ሰዓት፣ አንዳንዴም 12 ሰዓት ይፈጃል። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ያልቃል። ባለፈው ክረምት 11 ቀለበት አስገብቼ 7ኛው ሰዓት ላይ ጠፋ። ጧት ስከፍተው ጀሶው እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። 2 ሳምንት የቀረጽኩት ነው። የሙሽሮች ቀለበት ነበረበት፤ ለሙሽራው እንዴት እንደነገርኩት ባታነሱብኝ ይሻላል።

ቦርከና፦ በማፍሰሻ ጊዜ አየሩን የሚስበው የቫኪዩም ፓምፔ ተበላሽቷል። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 100 መድረስ ሲገባው ከ80 አያልፍም።

የጦሳ ልጅ፦ የእኔ 75 ላይ ነው የሚቆመው! 2 ጊዜ አስጠገንኩት።

መልስ፦ ገንዘባችሁን ጥላችኋል። ፓምፑ ደህና ነው። ጌጁ የሚያሳየው አካባቢው ካለው አየር ምን ያህል እንደወጣ ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ራሱ 75 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ከ75 ላይ 100 አይቀነስም። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 80 ያሳያል። ብሩን ወደ ቅርጹ የሚገፋውም ያው አየር ስለሆነ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሰናል። ቀጭን ሥራ ሳይሞላ ሲቀር እሱንም አስቡት፤ ብሩ የሚገባበትን መንገድ ወፈር አድርጉ።

ቦርከና፦ እንግዲህ ኮምቦልቻ ደሴን በቫኪዩምም በለጠቻት።

የጦሳ ልጅ፦ ሙቀታችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ!

ቦርከና፦ ሙቀታችን እኮ ሬዚን ያሠራል። እናንተ ጋ በጥቅምት እንደ ማር ይረጋል።

መልስ፦ በቃ። እሱም እውነት ነው ግን፤ ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ባልዲ ውስጥ አስቀምጡት፣ ክፍሉንም ከ20 ዲግሪ በላይ አድርጉት። ቀጣይ።

አልቦ፦ ብሌንደር ነፃ ነው እንዴ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ሐረግ፦ ቀለበቱ ስንት ግራም እንደሚወጣ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። የቅርጹን ይዘት ብሌንደር ይነግርሃል። በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.6 ከሆነ በ10.4 አባዛው፤ 6.2 ግራም ብር ነው። በ18 ካራት ወርቅ ያው ቀለበት በ15.5 ተባዝቶ 9.3 ግራም ይሆናል። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቅ ዓይን ዓይኑን ከማየት ያድናል።

ስማቸውን ያልጻፉ፦ የእናቴን ድሪ በስልክ ስካን አድርጌ ላሳትመው ፈልጌ ነበር። ተቦጫጭቆ ነው የሚወጣው።

መልስ፦ ብር እንደ መስታወት ነው፣ ካሜራውን ያሳስተዋል። የሕፃን ፓውደር በቀጭኑ ይነስንሱበት፣ ፀሐይ በሌለበት ጥላ ያንሱት። ያኔም መነሻ ነው የሚሆንዎት፤ ላዩ ላይ እንደገና መቅረጽ የግድ ነው።

ቦርከና፦ የወሎ ኦፓል ለቀለበት አይሆንም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህን ስጠብቅ ነው የመሸው። ድንጋዩ አይደለም ጥፋተኛው፣ የድንጋዩን መቀመጫ የሠራው ሰው ነው። በፈረንጆቹ 2008 የደላንታው፣ የወገል ጤናው ኦፓል ገበያ ከገባ ጀምሮ ስንት ድንጋይ በእጄ አለፈ። ጠባዩን እወቁት። ውሃ ይጠጣል። ውሃ ብቻ አይደለም፣ ዘይትም፣ የውልወላ ቅባትም፣ ላብም። ስለዚህ ብሩ ተሞርዶ፣ ተበይዶ፣ ተወልውሎ፣ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ድንጋዩ የመጨረሻው እንግዳ ነው። እሳት አታስጠጉት። የጌጥ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አትክተቱት።

አሁን ወደ ቅርጹ። የእኛ ድንጋይ በእጅ የሚቆረጥ ነው፣ አንዱ ካንዱ አይገጥምም። ስለዚህ «8 በ6» የሚል ዝግጁ መቀመጫ ከኢንተርኔት አታውርዱ። ርዝመት፣ ወርድ፣ ቁመት፣ ከዚያም ጎኑ መጉበጥ የሚጀምርበትን ከፍታ ለኩ። ብሩ ከተኮማተረ በኋላ ዙሪያውን 0.1 ሚሊሜትር ክፍተት እንዲቀር አስሉ። የመቀመጫው ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ትንሽ ቦይ ቅረጹ፤ የኦፓሉ ስስ ጠርዝ እዚያ ጥግ ላይ ነው የሚሸረፈው። ወለሉን ቀዳዳ አድርጉት። ድንጋዩን ስትሞክሩት ከሥር ገፋ አድርጋችሁ ታወጡታላችሁ፤ ውሃ ከጠጣም በዚያ ይደርቃል።

ድንጋዩን የሚያቅፈውን ጠርዝ ደግሞ እኔ አብሬ አላፈስስም። የፈሰሰ ጠርዝ ወፍራምና ግትር ነው፤ ስትገፉት ኦፓሉ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ከንጹሕ ብር ቀጭን ቅጠል ቆርጬ፣ አዙሬ፣ እበይደዋለሁ። በአውራ ጣት ጥፍር እንኳ ይታጠፋል። ኮምፒውተሩ አካሉን ይሥራ፣ ጠርዙን ለእጃችሁ ተዉለት።

ነባር እጅ፦ አሁን ገና ሰው አወራ።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ ተመለስኩ! 9.2 በ6.8፣ ቁመቱ 3.4። ግን አንድ ነገር ሆነ። ከመለካቴ በፊት ንጹሕ ይሁን ብዬ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ አጠብኩት። አሁን ብርጭቆ ሆኗል፣ ቀለሙ በሙሉ ጠፋ። አበላሸሁት?

መልስ፦ አብሽሪ፣ አልተበላሸም። ውሃ ጠጥቶ ነው። ንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርጊውና ጥላ ውስጥ ተይው። ቀናት ሊፈጅበት ይችላል፤ ቀለሙ ይመለሳል። ልኬትሽ ጥሩ ነው። ጎኑ የሚጎብጥበትን ከፍታ ግን አልነገርሽኝም።

ጀማሪዋ፦ ቶሎ እንዲደርቅ ምድጃው አጠገብ ላስቀምጠው?

መልስ፦ ከምድጃው አርቂው! አሁኑኑ።