ሞገዱም ማዕበል፣ ሁከቱም ማዕበል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ለተማሪዎቼ ማስታወሻ ሳዘጋጅ «በጸሀይ ንፋስ ውስጥ ያለ ሁከትና የፕላዝማ ማዕበል» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁከት ያልኩት ተርቡለንስን ነው። አንዱ ባልደረባዬ «ሁከት የሰው ነው፤ ነውጥ በል» አለኝ። ሌላው «ንፋስ ሳይሆን ነፋስ ነው» አለ። የቱ ነው ትክክሉ?

መልስ፦ ስለ ሁለት ቃል ጠይቀውኛል። እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ግን ያልጠየቁኝ ሦስተኛው ነው፤ «የፕላዝማ ማዕበል» የሚለው። እሱን ሳነብ የያዝኩትን ቡና አስቀመጥኩ።

ከቀላሉ ልጀምር። ግዕዙ «ነፋስ» ነው። ነፍስም መንፈስም ከዚያው ቤት ናቸው። የእኛ «ተነፈሰ» እና «ትንፋሽ» የዚሁ ሥር ልጆች ናቸው። ዕብራይስጡ «ኔፌሽ» ይላል። ዐረብኛው ትንፋሽን «ነፈስ» ይለዋል። ይህን ሁሉ የማወራው በመጀመሪያው ፊደል ምክንያት ነው። እኔ «ነፋስ» እጽፋለሁ። ሕዝቡ ግን «ንፋስ» ካለ ቆየ። ጋይንት ላይ ነፋስ መውጫ አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ንፋስ ስልክ። ክፍለ ከተማውን ማኅተምህን ቀይር ብል ማን ይሰማኛል? ስለዚህ ሁለቱም ያስኬዳል። «ጸሀይ» ግን «ፀሐይ» ቢሆን ደስ ይለኛል።

ንፋስ ስልክን ካነሳን አይቀር፣ አባቶቻችን ሽቦ አልባውን ስልክ በነፋስ ነው የሰየሙት። የሬዲዮ ሞገድ ለመጓዝ ነፋስ አያስፈልገውም። ስሙ ግን ጸና። ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚፈሰው የቅንጣት ጅረት፣ የፀሐይ ነፋስም እንደዚያው ነው። በምድር አካባቢ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ቢቆጠር አምስት ያህል ፕሮቶን ነው፤ የራስ ጸጉር እንኳ አያነቃንቅም። ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር በአንድ ሰከንድ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት አሜሪካዊው ዩጂን ፓርከር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1958። ከዚያ በፊት የቅንጣት ጨረር ይሉት ነበር። ፓርከር ግን እንደ ፈሳሽ አብሮ የሚፈስ ነገር ነው ብሎ ተከራከረ። ጽሑፉን ያዩት ገምጋሚዎች አልወደዱትም፤ የመጽሔቱ አዘጋጅ ቻንድራሴካር ናቸው ያሳተሙለት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መንኮራኩሮች ነፋሱን እዚያው ሄደው ለኩት። ስለዚህ «ነፋስ» ያልነው በዘፈቀደ አይደለም።

«ፕላዝማ»ን አልነካውም። ግሪክ ነው፤ «የተበጀ ነገር» እንደማለት። አማርኛ ካልፈጠርንለት የሚሉ አሉ። እኔ ከተማሪ ቤት ግድግዳ ላይ ፕላዝማ ተሰቅሎለት የተማረ ትውልድ አዲስ ቃል ላስተምር አልልም። ያ ቴሌቪዥኑ ነው፤ የእኛው ፕላዝማ ግን ኤሌክትሪክ በተሸከሙ ቅንጣቶች የተሞላ ጋዝ ነው ብለው ብቻ ይንገሯቸው።

አሁን ወደ ቁስሌ። «ሞገድና ማዕበል ሁለቱም የባሕር ናቸው፤ አንድ ናቸው» የሚሉ ሊቃውንት አሉ። መዝገበ ቃላት ይገልጡና አንዱ በሌላው ተፈትቶ ያሳዩኛል። ዳዊቱም ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን አንድ ቢሆኑ ጎን ለጎን ምን ያደርጋሉ? ወላጆቻችን በሌሊት ጆሯቸውን ለጥፈው ዜና የሰሙት በአጭር ሞገድ ነው። በአጭር ማዕበል የሰማ ሰው አላውቅም። ሞገድ የሚመላለስ ነው፤ ምት አለው። ማዕበል ይመጣል፣ ያፈርሳል፣ ይሄዳል። ጋዜጠኞች «የፀሐይ ማዕበል» ሲሉ ትክክል ናቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የደረሰው፣ የሰሜን ብርሃንን ወደ ደቡብ አገሮች ያወረደው፣ እሱ ማዕበል ነው። እርስዎ ግን የሚያስተምሩት ስለ ሌላ ነገር ነው። ስዊድናዊው አልፍቬን እ.ኤ.አ. በ1942 የተነበየውን ሞገድ ያስቡት። የመግነጢስ መስመሩ እንደ በገና አውታር የተወጠረ ነው። ፕላዝማው እላዩ ላይ ተጣብቋል። አውታሩ ሲነካ ንዝረቱ በመስመሩ ላይ ይሄዳል። ይህን ማዕበል ብለው ከጠሩት፣ ነገ እውነተኛው ማዕበል ሲመጣ ምን ሊሉት ነው?

«ሞገደኛስ?» ይሉኛል ተከራካሪዎቼ። ሞገደኛ ልጅ ሥርዓት የለውም፤ ታዲያ ሞገድ ምት ያለው እንዴት ሆነ? ይህች ታስቸግረኛለች። እኔ የምለው፣ ሞገደኛ ልጅም ቢሆን ያንኑ ጥፋት እየደጋገመ ነው የሚመጣው። ክርክሬ ደካማ እንደሆነ አውቃለሁ። አልለቅም ግን።

ቀረ ሁከት። እኔ ሁከትን እወዳለሁ። ሥሩ ግዕዝ ነው፤ «ሆከ»፣ በጠበጠ፣ አናወጠ። «ታወከ»ም ዘመዱ ነው። ነገሩም በትክክል መበጥበጥ ነው። ከፀሐይ የሚወጣው ሞገድ ከተቃራኒ ከሚመጣ ሞገድ ጋር ሲገናኝ ይሰባበራል። ትልቁ አዙሪት ትንሽ ይወልዳል፤ ትንሹ ደግሞ የባሰ ትንሽ። ጉልበቱ በመጨረሻ ሙቀት ይሆናል። የፀሐይ ነፋስ እየተስፋፋ ሲሄድ ሊቀዘቅዝ ከሚገባው በላይ ሞቆ የሚገኘው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሩሲያዊው ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1941 ለተራ ፈሳሽ ያወጣው ስሌት እዚያ ሰማይ ላይም ሲለካ ብዙም አልራቀም። «ሁከት» ይህን ሁሉ ይሸከማል።

ባልደረባዎ «የሰው ነው» ያለው ግን ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ዛሬ ሁከት ሲባል ሰው የሚያስበው ድንጋይ ውርወራና ፖሊስ ነው። ፍርድ ቤትም «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባል ክስ አለ፤ ከጎረቤት ጋር በአጥር የተጣላ ያውቀዋል። እርግጥ «ነውጥ»ም ከፖለቲካ አላመለጠም፤ «ነውጠኛ» ማንን እንደሚሉ እናውቃለን። ግን ዘመዱ «መናወጥ» የውኃና የባሕር ሆኖ ኖሯል። ለእኔ የሚከብደኝ ደግሞ ይኸው ነው፦ አማርኛው ወንጌል ራሱ መልአኩ ወርዶ ውኃውን «ያናውጥ ነበር» ይላል። «ያውክ» አይልም። አውሮፕላን ውስጥ ቀበቶውን የሚያጠብቀው መንገደኛም ተርቡለንስ ካላለ መናወጥ ይላል እንጂ ሁከት አይልም። ቢልማ አስተናጋጆቹ ሌላ ነገር ይጠረጥራሉ።

እንግዲህ «በፀሐይ ነፋስ ውስጥ ያለ ነውጥና የፕላዝማ ሞገድ» ብለው ይጻፉ። እኔ በራሴ ጽሑፍ ሁከት ማለቴን እቀጥላለሁ። ባልደረባዎ አሸንፏል፤ እኔ እንዳልኩ ግን አይንገሩት።