አድራሻ ይተረጎማል ወይስ ይመነዘራል?

ጥያቄ፦ ሥራዬ ከሊኑክስ ጋር ነው። ለአዳዲስ ሠራተኞች ስለ ዲቫይስ ትሪ (የኮምፒውተሩን ክፍሎችና አድራሻዎቻቸውን ለሊኑክስ ስለሚዘረዝረው ፋይል) በአማርኛ ማስታወሻ ጽፌ አንዱን ክፍል «የአድራሻ ትርጉም» (በእንግሊዝኛው «አድሬስ ትራንስሌሽን») አልኩት። አንዷ አንብባ «አድራሻ ምን ማለት እንደሆነ ነው የሚያስረዳው?» አለችኝ። ምን ልበለው? አድራሻ ስለሚለወጥበት የፋይሉ መስመር፣ ስለ ሬንጅስ፣ «ሬንጅስ ከሌለ አድራሻው አይቀየርም» ብዬም ጽፌያለሁ። እሱስ ልክ ነው?

መልስ፦ ልጅቷ እውነቷን ነው። «ትርጉም» ሁለት ሥራ ደርቦ የያዘ ቃል ነው። የቃል ፍቺም ትርጉም ነው፤ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የተመለሰ ጽሑፍም ትርጉም ነው። «የአድራሻ» ሲቀድመው ጆሮ ቶሎ የሚሄደው ወደ ፍቺው ነው። «ትርጎማ» ቢሉት ድርጊት መሆኑ ስለሚታወቅ ይሻላል። እኔን ከጠየቁኝ ግን ግሱ «መመንዘር» ነው።

ራስበሪ ፓይ በሚባሉት ትንንሽ ኮምፒውተሮች የመጀመሪያ ሰሌዳዎች ጂፒአይኦ የሚባለው፣ የውጭ ሽቦ የሚገናኝባቸውን እግሮች የሚቆጣጠረው ክፍል፣ በባሱ (ክፍሎቹ በሚገናኙበት መስመር) በኩል አድራሻው 7ኢ200000 ነው። (አዎ፣ በአሥር ሳይሆን በአሥራ ስድስት በሚቆጥረው በሄክሳዴሲማል ፊደልም አሃዝ ይሆናል።) ፕሮሰሰሩ ግን ያንኑ ክፍል በ20200000 ነው የሚያገኘው። ቤቱ አንድ፣ ቁጥሩ ሁለት። የቀድሞው ቀበሌ አንድ ቁጥር፣ ያሁኑ ወረዳ ሌላ ቁጥር የሰጡት ግቢ በሉት። «ሬንጅስ» የሚባለው መስመር የባሱን መነሻ፣ የፕሮሰሰሩን መነሻና ርዝመቱን ይይዛል። ሊኑክስ ከ7ኢ000000 ያለውን ርቀት፣ ማለትም 200000ን፣ ወስዶ 20000000 ላይ ይደምረዋል። አለቀ። የሚፈታ ምሥጢር የለውም፤ ባንክ መስኮት ላይ እንደሚደረገው በተቆረጠ ተመን መለወጥ ነው።

ስለዚህ «ሊኑክስ የባሱን አድራሻ ወደ ፕሮሰሰሩ አድራሻ ይመነዝራል» ይበሉ። ለርዕሱ ግን «ምንዛሪ» አይሁን፤ ዶላር ዶላር ይሸታል። እንደ «ምርመራ» አድርገው «የአድራሻ ምንዘራ» ይበሉት።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርዎ ግን ሰው ያሳስታል። ሬንጅስ ተጽፎ ባዶ ሲሆን ሁለቱ አድራሻዎች አንድ ናቸው፤ ምንዘራ አያስፈልግም። ጭራሽ ሳይጻፍ ሲቀር ግን መመንዘሪያ የለም፤ ፕሮሰሰሩ በቀጥታ አይደርስበትም። ኪሱ ባዶ የሆነ ሱሪና ኪስ የሌለው ሱሪ ይለያያሉ። የእርስዎ «አይቀየርም» ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። «ባዶ ከሆነ አድራሻው እንዳለ ያልፋል፤ ካልተጻፈ አይመነዘርም» ብለው ይለዩት።