ኤክስቴንሽን ቢሮ ለትልቅ ገበሬ ብቻ አይደለም

እህቴ፣ እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃሽ። ግሩፑ ላይ የጻፍሽውን ጥያቄ ዘግይቼ ነው ያየሁት። እስካሁን የተሰጡሽ መልሶች አጫጭር ስለሆኑ እኔ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ። ጎረቤትሽ «የካውንቲው ኤክስቴንሽን ቢሮ ሂጂ» ብላሻለች፤ ካውንቲ ያው የአካባቢው አስተዳደር ነው። አንቺ ደግሞ ስሙን ስትሰሚ የትልልቅ ገበሬዎች ጉዳይ መስሎሽ ተውሽው። የጠየቅሽን ይሄ ነው፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ጓሮ ላይ ጎመን ለመትከል ይረዱኛል ወይ? ለልጆቼስ የሚሆን ነገር አላቸው? ባለቤቴ ከጓደኞቹ ጋር መሬት ተከራይቶ ፍየል ማርባት አስቧል፣ ገንዘብ ይሰጡታል?

የመጨረሻውን ላስቀድም። ገንዘብ አይሰጡም። ብድር ፈልጎ እዚያ ሄዶ ተናዶ የተመለሰ ሀበሻ ስለማውቅ ነው ቀድሜ የምነግርሽ። የእርሻ ብድር ያለው በፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር ሥር ባለው ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ ነው፤ እሱ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ኤክስቴንሽን የሚሰጥሽ ምክር፣ ሥልጠናና ምርመራ ነው። ተቆጣጣሪም አይደሉም። ጓሮሽን አይተው የሚቀጡሽ፣ ፈቃድ የሚነጥቁሽ ሰዎች አይደሉም። ብዙ ወገን «ካውንቲ» የሚለውን ሲሰማ ስለሚሸሽ ነው ይህን የምለው።

አገር ቤት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም ዲኤ ታውቂያለሽ አይደል? ቀበሌ ውስጥ ተመድቦ፣ ገበሬው ማሳ ድረስ ሄዶ ስለ ዘርና ማዳበሪያ የሚያስረዳው። ሐሳቡ አንድ ነው። ልዩነቱ እዚህ ማንም ደጅሽን አያንኳኳም። ራስሽ ካልሄድሽ ቢሮው መኖሩንም ሳታውቂ ዕድሜሽን ትጨርሻለሽ።

መነሻው ረጅም ነው። በ1862 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ክልሎች፣ ስቴት የሚባሉት፣ መሬት እየተሰጣቸው የግብርናና የሙያ ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ የሚያስችል ሕግ ወጣ። ጥቁሮችን የማያስገቡ ክልሎች ስለነበሩ በ1890 ሁለተኛ ሕግ መጣ፤ የጥቁሮቹ ኮሌጆችም በዚያ ተካተቱ። በ1914 ደግሞ ስሚዝ ሌቨር የሚባለው ሕግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተገኘው ዕውቀት ወደ ሕዝቡ እንዲወርድ አደረገ። ኤክስቴንሽን ማለት እሱ ነው። ወጪውን ፌዴራል፣ ክልልና ካውንቲ ይጋሩታል። ስለዚህ ከምትከፍይው ግብር ውስጥ የእነሱም ድርሻ አለበት። ቨርጂኒያ ውስጥ ሥራውን የሚመሩት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፦ ብላክስበርግ ያለው ቨርጂኒያ ቴክና ፒተርስበርግ አጠገብ ያለው ቨርጂኒያ ስቴት፣ በ1890ው ሕግ ከተካተቱት የጥቁሮች ኮሌጆች አንዱ ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዓለማያ ኮሌጅ በ1950ዎቹ ከኦክላሆማ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲቋቋም የተቀዳው ከዚሁ ነው። ማስተማር፣ ምርምርና ኤክስቴንሽን በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። በ1963 ኤክስቴንሽኑ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ። እዚህ አሜሪካ ግን እስከ ዛሬ ከዩኒቨርሲቲው አልወጣም። እኔ የምወደውም ይህንኑ ነው፤ የካውንቲው ሠራተኛ ያልገባውን ነገር የሚጠይቀው ፕሮፌሰር አለው።

አሁን ወደ ጎመንሽ። ዘር ከመግዛትሽ በፊት አፈርሽን አስመርምሪ። ሰሜን ቨርጂኒያ ብዙው ቦታ ቀይ ሸክላማ አፈር ነው፤ አሲዳማነቱም ያይላል። አዲስ ቤት ከሆነ ደግሞ ጥሩው የላይኛው አፈር በግንባታ ጊዜ ተጠርጎ ሄዶ ሊሆን ይችላል። የናሙና ማሸጊያውን ካርቶንና ፎርሙን ከቢሮው ታገኛለሽ። ከመደቡ አሥር ያህል ቦታ ላይ 6 ኢንች ገደማ እየቆፈርሽ ትንሽ ትንሽ ታወጫለሽ። በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ታደባልቂያለሽ። ዚንክ የተቀባ የብረት ባልዲ አትጠቀሚ፣ ውጤቱን ያበላሻል። ጥላ ሥር አድርቀሽ ካርቶኑን ሞልተሽ ብላክስበርግ ላለው ላቦራቶሪ በፖስታ ትልኪያለሽ። ክፍያው ትንሽ ነው።

ውጤቱ በኢሜይል ይመጣል። መጀመሪያ ዓይንሽን ፒኤች የሚለው ላይ ጣይ፤ የአሲዳማነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። ጎመን ከ6 እስከ 6.8 አካባቢ ይስማማዋል። የአንቺ 5.2 ቢሆን ማዳበሪያ ብታፈሺበትም ተክሉ በደንብ አይወስደውም፤ መጀመሪያ ኖራ ነው የሚያስፈልገው። ስንት ፓውንድ ኖራ ለስንት ካሬ ጫማ እንደሆነ እዚያው ተጽፎልሻል። ፎስፈረሱ «ከፍተኛ» የሚል ከሆነ ሱቅ ሄደሽ ያገኘሽውን የማዳበሪያ ከረጢት አትጫኚ፣ ብር ማባከን ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፦ መደበኛው ምርመራ እርሳስን አያሳይም። ቤቱ አሮጌ ከሆነና ግድግዳው ሥር የምትተክይ ከሆነ ለእሱ ለብቻው የት እንደሚመረመር ጠይቂያቸው። ትንንሽ ልጆች ስላሉሽ ይህን ችላ አትበይ።

ሌላው ማስተር ጋርደነሮቹ ናቸው። የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ብዙዎቹ ጡረተኞች። ፕሮግራሙ በ1972 ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ የተጀመረው የከተማ ሰው ጥያቄ በዝቶ ሠራተኞቹ ስላልቻሉት ነው። እዚህ ቨርጂኒያ 50 ሰዓት ይሠለጥኑና ሌላ 50 ሰዓት በነጻ ያገለግላሉ። ከፀደይ ጀምሮ የገበሬዎች ገበያ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ። የታመመውን ቅጠል ፕላስቲክ ውስጥ አድርገሽ ትወስጃለሽ፣ አይተው ይነግሩሻል።

እኔ አንዴ የተበሳሳ የጎመን ቅጠል ይዤ ሄድኩ። ቀንድ አውጣ ነው ብዬ ነበር የገመትኩት። አንዲት አሮጊት ቅጠሉን ገለበጠችና በጣቷ መሐል ጅማቱን ተከትላ ወረደች። ትሉ እዚያው ነበር፤ አረንጓዴ፣ ከጅማቱ ጋር ተጣብቆ፣ ቀለሙም ያው የቅጠሉ። ነጯ ቢራቢሮ የጣለችው ነው። መድኃኒት ግዛ አላለችኝም። ችግኙ ገና እንደተተከለ በቀጭን ነጭ መረብ ሸፍነው፣ ቢራቢሮዋ ካላረፈች ትል የለም አለች። ሰው ሁሉ በግንቦት ይተክልና በሙቀቱ መርሮበት ያማርራል፤ ችግኙን በኦገስት ውስጥ ብትተክዪ ግን ይሻላል፣ ውርጭ ሲያገኘው እንዲያውም ይጣፍጣል።

ለልጆችሽ ያለው ፎር ኤች ይባላል። አራት ቅጠል ያለው አረንጓዴ ምልክት አይተሽ ይሆናል። ላምና ፈረስ ያለው የገጠር ልጅ ብቻ የሚገባበት ይመስላል፣ አይደለም። ሮቦት የሚሠሩ፣ ምግብ የሚያበስሉ፣ ፎቶ የሚያነሱ ክለቦች አሉ። ዋናው ፕሮግራም ከ8 ወይም 9 ዓመት እስከ 18 ነው፤ ከ5 ዓመት ጀምሮ ላሉትም የራሳቸው አለ። የልጆችሽ አስተማሪ ከፈለገች የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ክፍል ውስጥ ማስገባት የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ልጆቹ 21 ቀን ይጠብቁና ጫጩት ሲወጣ ያያሉ።

እኔ ግን ከሁሉም ያተረፍኩት ከንግግር ውድድሩ ነው። ልጄ ሰው ፊት ቆሞ መናገር አይሆንለትም ነበር። የብስክሌት ካላማዳሪያ እንዴት እንደሚለጠፍ ጎማውን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ እያሳየ አስረዳ። ዳኞቹ «ጥሩ ነው» ብለው አልሸኙትም። እጅህ ሲሠራ አፍህ ዝም ይላል፣ እየሠራህ ተናገር ብለው በወረቀት ጻፉለት። ይህን ትምህርት ቤት አላገኘውም። በበጋ ደግሞ ፍሮንት ሮያል ባለው ማዕከል የአንድ ሳምንት ካምፕ አለ። ክፍያ አለው፤ ግን ለማይችል ቤተሰብ ድጋፍ መኖሩን ሳትጠይቂ አትለፊ። ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ በፀደይ ጠይቂ።

ያልጠየቅሽውን አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህ ግሩፕ ላይ በርበሬ የሚሸጡ እህቶች ብዙ ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደረቅ ቅመምና ደረቅ ድብልቅ ከቤት አዘጋጅቶ በቀጥታ ለተጠቃሚው መሸጥ ያለ ቁጥጥር ፈቃድ ይቻላል፤ መለያው ላይ ያለ መንግሥት ቁጥጥር መዘጋጀቱ መጻፍ አለበት፣ ሱቅ መልሶ እንዲሸጠው ግን አይሆንም። አዋዜ ሲሆን ጨዋታው ይለወጣል። እርጥብ ነው። ፒኤቹ ከ4.6 በላይ ሆኖ ጠርሙስ ውስጥ ከታሸገ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል። በጣዕም አይታወቅም፣ በመሣሪያ ነው የሚለካው። ቨርጂኒያ ቴክ ውስጥ የምግብ አምራቾችን የሚረዳ ክፍል አለ፤ በክፍያ ይመረምሩልሻል፣ የትኛው ሕግ እንደሚመለከትሽም ይነግሩሻል። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች ደግሞ ስለ ምግብና ስለ ወጪ አያያዝ የሚያስተምር ነጻ ፕሮግራም ከ1969 ጀምሮ አለ። ከፉድ ስታምፕ (መንግሥት ለምግብ መግዣ ከሚሰጠው ድጎማ) ጋር የተያያዘው የሥነ ምግብ ትምህርት ግን በ2025 በወጣው የፌዴራል ሕግ በጀቱ ቆሟል፤ በድሮ ወረቀት ላይ አይተሽ በከንቱ እንዳትደክሚ።

ባለቤትሽ መሬት ከመከራየቱ በፊት ቨርጂኒያ ስቴት ያለውን የአነስተኛ ገበሬዎች ፕሮግራም ያነጋግር። ገና ለሚጀምሩና አቅማቸው አነስተኛ ለሆነ ገበሬዎች የተቋቋመ ነው። ቦታው ላይ ፍየል ማርባት መፈቀዱን ደግሞ ከካውንቲው ዞኒንግ፣ መሬት ለምን ሥራ እንደሚውል ከሚወስነው ክፍል፣ ያጣራ። ፍየል እዚህ የሚገድለው ጅብ ሳይሆን የሆድ ትል ነው። በሞቃቱና እርጥቡ በጋ ደም የሚመጥ ትል አለ። ኤክስቴንሽን የሚሰጠው ሥልጠና ላይ የፍየሏን ዓይን የታችኛ ሽፋን ገልብጦ ቀለሙን ከካርድ ጋር ማስተያየት ያስተምራሉ። ቀይ ከሆነ ደህና ናት። ወደ ነጭነት ከሄደ ደሟ አልቋል፣ መድኃኒት ያስፈልጋታል። ለሁሉም በአንድ ጊዜ መድኃኒት ማጠጣት ትሉን ያለማምደዋል፣ በኋላ መድኃኒቱ አይሠራም። ደግሞ ለበዓል ሥጋ እንሸጣለን ካሉ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ ቄራ ማረድ ግድ ነው። ከነነፍሱ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። ይህንን ሒሳብ ውስጥ ያስገቡት።

እንከን የለውም አልልሽም። ሠራተኛው ጥቂት ነው። አንዳንዴ መልስ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ፣ ሲመጣ ደግሞ ረጅም ጽሑፍ ልከውልሽ «አንብቢ» ይሉሻል። «ጓሮዬ አልሆነልኝም» ብለሽ ከጻፍሽ እንዲያ ነው የሚያደርጉሽ። ምን ተከልሽ፣ መቼ፣ ምን አየሽ፣ ፎቶ ጨምረሽ ላኪ። መልሱ ወዲያው ይለወጣል። የምትኖሪበትን ካውንቲ ስም ከ«ቨርጂኒያ ኮኦፐሬቲቭ ኤክስቴንሽን» ጋር ፈልጊ፣ ስልኩ ይወጣል። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ አስተርጓሚ እንደምትፈልጊ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ቢሮ ስለሆነ መጠየቁ ነውር የለውም።