ልጄ ተኩስ ጌም ይጫወታል፣ ልፍራ? (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ናችሁ። ሳይኮሎጂ ነው የተማርኩት፣ አሁን ሃይስኩል ውስጥ ካውንስለር ነኝ፣ ማታ ማታ ደግሞ እኔም ፐብጂ የሚባለውን የተኩስ ጌም እጫወታለሁ (ቶሎ ነው የምሞተው)። ስለ ተኩስ ጌምና ስለ ታዳጊዎች ጠይቁኝ ብዬ ይኸው ጥያቄው ጎርፍ ሆነብኝ፣ የተመሳሰሉትን እያጣመርኩ ልመልስ። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ፍሪ ፋየር ከሚባለው የተኩስ ጌም ሲነሳ እህቱን ይሰድባል፣ በር ያላትማል። ነፍሰ ገዳይ እየሆነብኝ ነው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ ነፍሰ ገዳይ የሚለውን ተይው። የአሜሪካ የሳይኮሎጂስቶች ማህበር ነገሩን ፈትሾ በ2020 ያለው፣ በተኩስ ጌምና በመጮህ በመገፍተር አይነት ጸባይ መሀል ትንሽ ግንኙነት አለ፣ ለከባድ ወንጀል ግን ጌሙን ተጠያቂ ለማድረግ የሚበቃ ማስረጃ የለም ነው። እኔ አንቺን የምጠይቅሽ በሩን የሚያላትመው መቼ ነው? ሲሸነፍ ነው አይደል? ወይ ኔት ሲቆራረጥበት ወይ መሀል ላይ "ና ብላ" ስትይው። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት አለ፣ ተመራማሪዎቹ አንዱን የተኩስ ጌም ግድያ ያለበትና የሌለበት አድርገው ሰሩት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ መቆጣጠሪያውን ሆን ብለው አስቸጋሪ አደረጉት፣ ተጫዋቾቹን ያናደዳቸው አልሆን ማለቱ ነበር እንጂ ደሙ ብዙም ለውጥ አላመጣም። ደሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ኦንላይን ጌም መሀል ላይ ቆም አይደረግም፣ ልጅሽ ጥሎ ከተነሳ ጓደኞቹን ከዳ ማለት ነው፣ የፐብጂ አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ድረስ ሊሄድ ይችላል፣ ስለዚህ እራት ሳይቀርብ ቀደም ብለሽ "ይሄ ሲያልቅ ሌላ እንዳትጀምር" በይው። ግማሹ ጸብ እዛው ላይ ይቀራል። የተረፈውን ንዴት ግን ዝም ብለሽ አትለፊው፣ በር ማላተም በኳስም ተሸንፎ ቢሆን አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ ግድያ እያየ ሲያድግ ርህራሄው አይጠፋም?

መልስ፦ ምሁራኑም ገና የሚጣሉበት ነገር ነው። ጀርመን ውስጥ ሰዎችን ለሁለት ወር በየቀኑ ጂቲኤ 5 (ወንጀልና ግድያ የበዛበት ጌም ነው) አጫውተው ለክተዋቸው ነበር፣ ጠበኝነትም የርህራሄ መቀነስም አልታየባቸውም፣ ግን ተጫዋቾቹ አዋቂዎች ናቸው። በታዳጊ ላይ ደግሞ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ወደ 1,000 የሚጠጉ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆችን አይተው፣ ወላጆቻቸውንም ጠይቀው በጌሙና በጠበኝነት መሀል ግንኙነት አላገኙም። በሌላ በኩል በ2018 24 ጥናቶች ከ17,000 በላይ ተሳታፊ ያላቸው ተደምረው ሲታዩ የሚጫወቱት ልጆች በጊዜ ሂደት ትንሽ ወደ ድብድብ ያደሉ ነበር። ትንሽ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። እኔ ባለኝ ሚዛን ለ15 ዓመት ልጅ አልደነግጥም፣ የ8 ዓመት ልጅ ጂቲኤ ሲጫወት ሳይ ግን ወላጁን ነው የምቆጣው፣ አውሮፓ ላይ እኮ ከ18 ዓመት በላይ ተብሎ ነው የሚሸጠው።

ጥያቄ፦ ልጄ "ማዬ ለአይምሮ ጥሩ ነው" ይለኛል፣ እያሞኘኝ ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነቱን ነው። በ2003 የወጣ የታወቀ ጥናት አለ፣ ጌም የማያውቁ ሰዎች በቀን 1 ሰዓት ለ10 ቀን ተኩስ ጌም ሲለማመዱ፣ ቴትሪስ (ብሎክ የመደርደር ጌም) ከተጫወቱት ይልቅ ዓይናቸው ብዙ ነገር ባንዴ መከታተል ቻለ። ያ ግን ፈጣን ነገር የማየት ትኩረት ነው፣ ፊዚክስ ይዞ ሁለት ሰዓት የመቀመጥ ትኩረት ሌላ ነው፣ አንዱ ለሌላው አይከፍልም። ደሞ ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ከተጫወተ ያገኘውን ጥቅም እንቅልፍ ማጣቱ ይበላዋል፣ በዚህ እድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት።

ጥያቄ፦ ሱስ ነው ወይ?

መልስ፦ ቅዳሜ 5 ሰዓት ስለተጫወተ ሱሰኛ አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል፣ ከ2022 ጀምሮ ይሰራበታል፣ ግን ማቆም ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሁሉም ሲቀድምበት፣ እየተጎዳም ሲቀጥል፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው ያለነው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ተኩስ በተሰማ ቁጥር የልጄን ጌም ልጥለው ይቃጣኛል።

መልስ፦ ይገባኛል ወንድሜ። ከ1999ኙ የኮሎምባይን ትምህርት ቤት ግድያ ጀምሮ ገዳዮቹ ዱም የሚባል የተኩስ ጌም ይጫወቱ ነበር እየተባለ ጣት የሚቀሰረው ጌም ላይ ነው። ካሊፎርኒያ ግድያ ያለበት ጌም ለልጆች እንዳይሸጥ በህግ ከልክላ ነበር፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 7 ለ 2 ሻረው፣ የቀረበለት ጥናት ጌሙ ጠበኝነትን እንደሚያመጣ አላረጋገጠም ብሎም ነበር። ጃፓንና ኮሪያም እኮ ልጆቹ ይጫወታሉ፣ ጠመንጃ ግን በየቤቱ የለም። አንተ ጌሙን ከምትጥል ማይኩን አዳምጥ፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ የማታውቀው ትልቅ ሰው ልጅህን በቆዳ ቀለሙ፣ በእናቱ፣ በምኑም እየሰደበው እሱም መልሶ እየተሳደበ ነው የሚያመሸው። አዲስ አበባም ያው ነው፣ ስድቡ አማርኛ ሆነ እንጂ።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው፣ እናቴ ዋይፋዩን ዘጋችብኝ፣ ምን ብዬ ላሳምናት?

መልስ፦ አትከራከራት። አጠገብህ አስቀምጣትና አንድ ዙር ተጫወትላት፣ ድምጹን በስፒከር ከፍተህ። መክፈቱ ካሳፈረህ ግን መጀመሪያ አብረሃቸው የምትጫወተውን ልጆች ቀይር፣ ስለ ዋይፋዩ ከዛ በኋላ ታወራላችሁ።