የሲሲሊ ወይን ለመግዛት፦ የአገሬው ዝርያ ወይስ ከፈረንሳይ የመጣው?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። አሁን የምትኖሪው ሚላኖ ነው። አገር ቤት ሳለሽ ከዝዋይ የሚመጣውን ሜርሎና ሲራ ትጠጪ ነበር። እዚህ የሲሲሊ መደርደሪያ ጋ ስትቆሚ ግን ሜርሎና ሻርዶኔ ሰምተሻቸው ከማታውቂያቸው ስሞች ጋር ተደባልቀው አገኘሻቸው። የደሴቲቱ የራሷ የትኛው ነው? የመጣውን ዝርያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው ወይ? ለበዓል ከዶሮ ወጥ ጋርስ የቱ ይሄዳል? ብለሻል። እኔ ሲሲሊ ውስጥ ወይን ለቀማ ስሠራ ቆይቻለሁ፤ በደቡብ ምዕራቡ ቆላም፣ ኤትና ተራራ ላይም። ከዚያ የማውቀውን ልጻፍልሽ።

የራሷ የሚባሉት ቀዮች ኔሮ ዳቮላ፣ ኔሬሎ ማስካሌዜ፣ ፍራፓቶና ፔሪኮኔ ናቸው። ከነጮቹ ካታራቶ፣ ግሪሎ፣ ኢንዞሊያና ካሪካንቴን ያዢ። ሻርዶኔ፣ ሜርሎ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሲራ ከፈረንሳይ የመጡ ናቸው። እኔ ግን ወይን ስገዛ መጀመሪያ የማስበው ፍሬው መቼ ይበስላል፣ የበቀለውስ የት ነው የሚለውን ነው። ሲሲሊ ሞቃት ናት። እዚያ ጥሩውን ከመናኛው የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ሻርዶኔን ውሰጂ። ቶሎ ይደርሳል፤ ኦገስት ሳይጋመስ ይለቀማል። ቀን ቀን ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ስለዚህ የሚጠነቀቁ አምራቾች ሌሊት ያስለቅማሉ። ግንባራችን ላይ መብራት አስረን፣ መቀስ ይዘን እንገባለን። ዘለላው እጅ ላይ ቀዝቀዝ ይላል። ያው ፍሬ ከሰዓት በኋላ ቢቆረጥ ሳጥኑ ውስጥ እርስ በርሱ ተጫጭኖ ጭማቂው መፍላት ይጀምራል፣ መዓዛውም ይበናል። ንጋት ላይ የመጨረሻው ሳጥን መጭመቂያው ጋ ሲደርስ ፍሬው ገና እንደቀዘቀዘ ነው። ዶናፉጋታ የሚባለው ወይን ጠማቂ ቤት ሻርዶኔውን በሌሊት በማስለቀም ከታወቀ ቆይቷል።

ኔሬሎ ማስካሌዜ ደግሞ ኤትና ላይ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ይቆያል። ጃኬት ለብሰን ነው የምንለቅመው። በአንዲት ደሴት ላይ ለቀማው ከመጀመሪያው ዘለላ እስከ መጨረሻው መቶ ቀን ያህል ይፈጃል።

ይህ ብርጭቆሽ ውስጥ ምን ያመጣል? ቀድሞ የሚበስል ፍሬ ሙቀት ሲበዛበት ስኳሩ ይሮጣል፣ ኮምጣጣነቱ ይወርዳል። ወይኑ አልኮሉ ከባድ፣ ጣዕሙ ማርማላታ ማርማላታ የሚል ይሆናል። ከሜዳ የተለቀመ ርካሽ የሲሲሊ ሜርሎ ላይ ይህንን ብዙ ጊዜ ቀምሼዋለሁ። ኔሮ ዳቮላና ካታራቶ ግን ሙቀቱን ለምደውታል። ፀሐዩ ከርሮም ኮምጣጣነታቸውን ቶሎ አይለቁም።

ታዲያ የፈረንሳዮቹን ለምን ተከሉ? የሲሲሊ ወይን ለረጅም ዘመን ያለ ስም በመርከብ እየተጫነ የሰሜን ኢጣሊያንና የፈረንሳይን ወይን ማጠንከሪያ ነበር። ቀለምና አልኮል ጨማሪ፣ በቃ። በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጥቂት አምራቾች ዓለም በሚያውቀው ዝርያ ችሎታችንን እናሳይ ብለው ሻርዶኔና ካቤርኔ ተከሉ። ፕላኔታ የሚባለው ወይን ጠማቂ ቤተሰብ በ1990ዎቹ የሠራው ሻርዶኔ ብዙ አነጋገረ። ዛሬ ይህንን ሥራ የሚያጣጥሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ገበያውንም፣ ማቀዝቀዣ ያለውን ጋንም፣ በጥንቃቄ የመሥራቱን ልማድም ያመጣው ያ ዘመን ነው። የአገሬው ዝርያም ተጠቅሞበታል። ኔሮ ዳቮላን ብቻውን በክብር ጠርሙስ ውስጥ ያስገባው ዱካ ኤንሪኮ የተባለው ወይን የ1984 ምርት ነው፤ የተሠራው በዚያው ዘመን መንፈስ ነው።

ከመጡት ሁሉ ሲሲሊ ላይ የተመቸው ሲራ ነው ባይ ነኝ። ሙቀት ይችላል። እዚያ ያሉ ሰዎች ከሲራኩዛ ከተማችን የወጣ ነው ሲሉ ትሰሚያለሽ። የዘር ምርመራው ግን ወላጆቹ ሁለት የፈረንሳይ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳይቷል። የዝዋዩን ሲራ ከወደድሽው የሲሲሊውን ያለ ሐሳብ ግዢ።

ኤትናን ለብቻው ልንገርሽ፤ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። እርከኖቹ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተካቡ ናቸው፤ አንዳንዱ ማሳ ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ግንዱ አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ለየብቻው እንጨት ላይ ታስሯል። ብዙው እርከን ትራክተር አያስገባም፣ ሳጥኑን በትከሻ ነው የምናወርደው። አፈሩ አመድና አሸዋ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ወይን የጨረሰው ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ እንዲህ ያለ አፈር ውስጥ እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በላይ በራሳቸው ሥር ላይ የቆሙ ግንዶች እስካሁን አሉ። ወይኑን ስትቀጂው ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፣ ጣትሽ በማዶ ይታይሻል። በዚህ እንዳትሸወጂ፤ አፍ ውስጥ ድድ ይይዛል። «ኤትና ሮሶ» የሚል ካየሽ በሕጉ ቢያንስ 80 በመቶው ኔሬሎ ማስካሌዜ ነው። በምሥራቁ በኩል ሚሎ አካባቢ የሚበቅለው ነጩ ካሪካንቴ ኮምጣጣነቱ ስል ነው፣ ከዓሣ ጋር ወደር የለውም።

አሁን ወደ ዶሮ ወጡ። በርበሬ ባለበት ድድ የሚያደርቅና አልኮሉ የከረረ ቀይ አታቅርቢ። ማቃጠሉን ያባብሰዋል፣ ወይኑም ይመርራል። ስለዚህ ኔሬሎንም ከባዱን ኔሮ ዳቮላንም ለጥብስ አቆዪያቸው። ለዶሮው ፍራፓቶ ግዢ። ቀለል ያለ ቀይ ነው፣ እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል። ከመቅረቡ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው። ትንሽ ጠንከር ያለ ከፈለግሽ ቼራስዎሎ ዲ ቪቶሪያ አለ፤ ኔሮ ዳቮላና ፍራፓቶ ተቀላቅለው የሚሠሩት ነው። DOCG የሚባለውን የኢጣሊያ ወይን ከፍተኛ ማዕረግ ያገኘው በ2005 ሲሆን ከሲሲሊ የመጀመሪያው ነው።

ጠርሙሱን ስትመርጪ የፊቱን ስም ብቻ አትዪ። ከኋላ የማሳው ቦታና ከፍታ ከተጻፈ ጥሩ ምልክት ነው። ሜርሎ ካማረሽም ከፍታ ላይ የበቀለውን ፈልጊ፤ አልኮሉ 15 በመቶ የደረሰውን ግን ለዶሮ ወጥ ተይው።

ጠጅ የሚወዱ እንግዶች ካሉሽ ከምግብ በኋላ የፓንቴሌሪያ ፓሲቶ የሚባለውን ጣፋጭ ወይን አቅርቢላቸው። ፓንቴሌሪያ በሲሲሊና በቱኒዚያ መካከል ያለች ነፋሻማ ደሴት ናት። ፍሬው ዚቢቦ ነው። እሱም ከጥንት ጀምሮ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ሁሉ ሲዞር የኖረ ነው፤ ዛሬ እንግዳ የሚለው ግን የለም። ገበሬዎቹ ግንዱን ከነፋስ ለመሸሸግ ጉድጓድ ውስጥ ይተክሉታል፤ ይህ አተካከል በ2014 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ዘለላው ፀሐይ ላይ ደርቆ ስለሚጠመቅ ወይኑ በጣም ጣፋጭ ነው። በደንብ አቀዝቅዘሽ በትንንሽ ብርጭቆ ቅጂላቸው፤ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስድስት ሰው ይበቃል።