ተከሳሹ «ጊልቲ» (ጥፋተኛ ነኝ) ካለ ችሎቱ በ4 ደቂቃ ያልቃል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። «የ10ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ የሮሚዮና ጁልየትን መነኩሴ ከስሼ ችሎት ላቆመው ነው፤ የሞከረ ካለ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሻል። ከስሩ «ዋው፣ ምርጥ ሐሳብ» ብቻ ተደርድሯል። ምርጥ መሆኑንማ አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔ ሁለቴ ሞክሬዋለሁ። አንዴ ተዋርጄ ወጣሁ፣ አንዴ ደረቴን ነፍቼ።

ያንቺም ክፍል እንደኔው 50 ምናምን ተማሪ የታጨቀበት፣ መጽሐፉም አንድ ኮፒ ብቻ ያለበት ይመስለኛል። እንደዚያ ቆጥሬ ልንገርሽ።

1ኛ፦ ክሱን ራስሽ ጻፊው። በደንብ አድርገሽ።

እኔ የከሰስኩት ጆርጅን ነው፤ የ«ኦፍ ማይስ ኤንድ ሜን»ን። የጆን ስታይንቤክ፣ የ1937ቱ። ስድስት ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ መረጥኩት። ጆርጅና ሌኒ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከእርሻ እርሻ እየዞሩ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሌኒ ጉልበቱ የበሬ፣ አእምሮው የሕፃን ነው። ሳያስበው የአሠሪውን ልጅ ሚስት አንገቷን ይሰብራታል። ሰዎቹ ሊገድሉት ሲያሳድዱት ጆርጅ ቀድሟቸው ይደርስና ከኋላው ሆኖ ማጅራቱን በጥይት ይመታዋል። ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት «ጆርጅ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም?» ብቻ ነበር።

ደግሞ ጉራዬ! ምክትል ርዕሰ መምህሩን «ይምጡና ይዩልኝ» ብዬ ጋበዝኳቸው። የምልከታ ቅጻቸውን ይዘው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዳኛዋ ካባ ለብሳለች። ዐቃቤ ሕጎቹ ሁለት ገጽ ጽፈዋል። ጠበቆቹ ሌሊቱን አልተኙም። ዳኛዋ እንደ ደንቡ የእምነት ክህደት ቃሉን ጠየቀችው። ጆርጅ የሆነው ልጅ ቀና ልጅ ነው፤ መጽሐፉንም አንብቧል። ተነሳና «ጊልቲ፣ ዩር ኦነር» አለ።

ዳኛዋ አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። «ኦኬ፣ ጎ ቱ ፕሪዝን» አለች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ሰዓቴን ሳይ አራት ደቂቃ ነው። 36 ደቂቃ ይቀራል። ጠበቆቹ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ወረቀታቸውን አጠፉ። ምክትሉ ቅጹ ላይ «የክፍለ ጊዜ አጠቃቀም፦ ደካማ» ብለው ጻፉ። ሲወጡ በር ላይ፣ ተማሪ እየሰማ፣ «ይሄ ለማትሪክ ምን ይጠቅማል? ድራማ ከፈለግክ ክበብ አለልህ» አሉኝ። ይሄን እስካሁን አልረሳሁትም።

ልጁ ግን ምን አጠፋ? ጆርጅ መግደሉን ማንም አይክድም። ክርክሩ ያለው ምን ዓይነት ግድያ ነው የሚለው ላይ ነው። ጠበቃ የሆነ የሚስቴ ወንድም ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀና የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አወጣልኝ። አንቀጽ 539 ከባዱ ግድያ ነው፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። 540 ተራው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት። 541 ቀላሉ፤ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት። ሁለተኛው ዙር ላይ ክሱን በ539 መሠረትኩ። ለጆርጅም «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፣ ክሱ በሚለው መልኩ ግን አይደለም» የምትለዋን በእንግሊዝኛ አስጠናሁት። አንዱ ጠበቃ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወንጀሉ የተፈጸመው ካሊፎርኒያ ነው፤ ይህ ችሎት ሥልጣን የለውም!» በነጥብ ባጨበጭብለት ደስ ባለኝ። ዳኞቹ ግን ተቃውሞውን ውድቅ አደረጉት።

2ኛ፦ ከመጽሐፉ ያልወጣ ማስረጃ አይቅረብ። በመጀመሪያው ዙር የጆርጅን እናት ለምስክርነት ያዘጋጀ ነበር። ምዕራፍና ገጽ የማይጠቅስ ምስክር ይውረድ። ያኔ ሳይወዱ በግድ ያነባሉ። ዐቃቤ ሕጓ ሽጉጡ የሌላው የእርሻ ሠራተኛ የካርልሰን መሆኑን፣ ጆርጅ ቀድሞ እንደወሰደው አውጥታ «አስቦበታል!» አለች። ካርልሰን ሽጉጡ ሌኒ እጅ ነበር ብሎ ሲገምት ጆርጅ እንዳላረመውም ጨመረችበት። እኔ ራሴ ያን ያህል አላስተዋልኩትም ነበር።

3ኛ፦ ሚናውን እንግሊዝኛ ለሚያቀላጥፉት ብቻ አትስጪ። ዝግጅቱን በአማርኛ ይሥሩ፤ ችሎት ፊት በእንግሊዝኛ ይናገሩ። እንደ ድሮው ሙግት መስቀለኛ ጥያቄ ሲጀምሩ «ተጠየቅ!» እንዲሉ ፈቀድኩ። ይቺ ቃል ምን እንዳላት እንጃ፣ ስትወጣ ፍርሃታቸው አብሮ ይወጣል። ዓመቱን ሙሉ አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ ነበረች፤ መስኮት ስር ነው የምትቀመጠው። ምስክር ሆኖ የቆመው ሽማግሌው ካንዲ ነው። ያረጀ ውሻውን ካርልሰን ተኩሶ ገድሎበታል፤ «ራሴ ብገድለው ይሻል ነበር» ይላል። ጠበቆቹ ይሄንን ሊጠቀሙበት ነው ያመጡት። ልጅቷ ተነሳች። «ተጠየቅ!» አለች። ከዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «ኤኒባዲ አስክ ዘ ዶግ?»

ውሻውን የጠየቀው አለ ወይ? ክፍሉ ጸጥ አለ። ካንዲ የሆነው ልጅ መልስ አጣ። የእንግሊዝኛ ሰዋስዋቸውን እያረምኩ 11 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን አላረምኳትም።

ሦስት ዳኞች ነበሩ። ሁለቱ 541 አሉ፣ አንዱ በ540 ተለየ። የተለየው ልጅ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ቲቸር፣ ይግባኝ አልጠየቁም?» ይለኛል። ምክትሉ ደግሞ ለወላጆች ቀን ድገመው አሉኝ። አዳራሹን ስለምን «ስብሰባ አለ» ያሉኝ እኚሁ ሰውዬ!

ወዳንቺ መነኩሴ ልመለስ። «ገዳይ ነው» ብለሽ እንዳትከሺው፤ በአራት ደቂቃ ነጻ ይወጣብሻል። በቸልተኝነት ሰው በመግደል ክሰሺው፣ አንቀጽ 543። 14 ዓመት ላልሞላት ልጅ የሞተች የሚያስመስል የ42 ሰዓት ማስተኛ ሰጥቷል። ይሄንን ለሮሚዮ የሚነግረው ደብዳቤ መድረሱን ሳያጣራ ቆይቷል። መቃብሩ ውስጥ ጁልየትን ትቷት ሸሽቷል። ጠበቃው ደግሞ ወረርሽኙን ያንሳ፤ ደብዳቤ አድራሹ መነኩሴ በበሽታ ጥርጣሬ ቤት ተዘግቶበት ነው የቀረው። ለሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃሻል፤ ሁለቱን አከታትለሽ አስመድቢ።

የክሱን ጽሑፍ ፎቶ አንስቼ በውስጥ እልክልሻለሁ። ካባ ፍለጋ ብር እንዳታወጪ። የኔ ዳኞች የለበሱት የምርቃት ጋውን ነው፤ አንዱ የእህቴ ነው፣ እስካሁንም አልመለስኩላትም።